ሃርድ ዲስኩን ከመጣላችሁ በፊት ድራይቨሩን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ።

ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ ሲባል በየጥገና ቤቱ ቶሎ የሚሰጥ አንድ መልስ አለ፦ «ሃርድ ዲስኩ አልቋል፤ ይቀየር»። ለመነሳት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ፋይል ሲገለበጥ ማውሱ የሚንገታገት፣ ዘፈን የሚቆራረጥበት ማሽን ሁሉ ይኸው ይፈረድበታል። ፍርዱ ገንዘብ ያስወጣል። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ዲስኩ ላይ ያለው የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም የቢሮ ሰነድ ነው፤ በጥድፊያ ሲገለበጥ ግማሹ ተረስቶ የሚቀረው ያኔ ነውና። አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን ደግሞ ዲስኩ ፍጹም ደህና ሆኖ፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ለማዘርቦርዱ የሚስማማውን ድራይቨር፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ሳያገኝ ቀርቶ የሚመጣ መንቀራፈፍ አለ። ይህን ለይቶ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንባቢ ቤቱ ሆኖ እንዲሞክረው በዝርዝር እንጽፋለን። ትእዛዞቹን በፊደላችን እንደሚነበቡ አስቀምጠናቸዋል፤ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መስኮት ሲጻፉ፣ «ትልቅ» ካላልን በስተቀር፣ ሁሉም በትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። ዲስኩ ከሲፒዩው (ከኮምፒውተሩ አእምሮ) ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በመካከላቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ኮንትሮለር የሚባል ቺፕ አለ። ዳታው ከዲስኩ ተነሥቶ ራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ትውስታ) የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። የቆየው ፒአይኦ ይባላል። በዚህ መንገድ ሲፒዩው ራሱ ተሸካሚ ነው፤ ከኮንትሮለሩ በር ላይ 2 ባይት ያነሳል፣ ራም ላይ ያስቀምጣል፣ ይመለሳል። አንድ ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሹ ቁራጭ) 512 ባይት ስለሆነ ለአንዱ ሴክተር 256 ጊዜ፣ ለ1 ሜጋባይት ደግሞ ከ5 መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ፎርማኑ ብሎኬት ሲሸከም የሚውልበትን ግንባታ አስቡ፤ ብሎኬቱም ቶሎ አይደርስ፣ ሌላውም ሥራ አዛዥ አጥቶ ይቆማል። ሁለተኛው መንገድ ዲኤምኤ ነው። ሲፒዩው «ይህን ያህል ዳታ እዚህ ቦታ ይራገፍ» ብሎ ያዝዝና ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፤ ኮንትሮለሩ ራም ላይ አራግፎ ሲጨርስ ያስታውቀዋል።

ልዩነቱ ከባድ ነው። ከፍተኛው የተለመደ የፒአይኦ ደረጃ፣ ሞድ 4 የሚባለው፣ በወረቀት ላይ በሰከንድ 16.7 ሜጋባይት ነው። በተግባር ግን በዚህ መንገድ የተጠመደ ማሽን ሲለካ ከ2 እስከ 6 ሜጋባይት ቢያሳይ አይገርምም። ፓታ ወይም አይዲኢ በሚባለው የድሮው የዲስክ መገናኛ አልትራ ዲኤምኤ እንደ ደረጃው እስከ 33፣ 66፣ 100 እና 133 ይደርሳል፤ ሳታ የሚባለው አዲሱ መገናኛ ደግሞ ከ150 ጀምሮ 300 እና 600። እነዚህ የመስመሩ አቅም ናቸው፤ ዲስኩ ራሱ ከዚያ በታች ነው የሚሰጠው። 4 ጊጋባይት ፋይል በሰከንድ 3 ሜጋባይት ሲገለበጥ 22 ደቂቃ ይወስዳል። በ50 ሲገለበጥ 80 ሰከንድ ነው። ዲስኩ ያው ራሱ ነው።

ታዲያ ከርነሉ ለምን ፈጣኑን መንገድ ይተዋል? ኮንትሮለሩን በፈጣኑ መንገድ ለማሠራት የቺፑን የጊዜ አቆጣጠር መሙላት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። ለኢንቴል ኤቲኤ ፒክስ፣ ለቪያ ፓታ ቪያ፣ ለኤኤምዲ ፓታ ኤኤምዲ፣ ለሲስ ፓታ ሲስ የሚባሉ ድራይቨሮች አሉ (ሲጻፉ በቃላቱ መካከል ክፍት ቦታ ሳይሆን የታች ሰረዝ ይገባል)፤ ኤኤችሲአይ በሚባለው የሳታ አሠራር ለሚሠሩ የሳታ ኮንትሮለሮች ሁሉ ደግሞ ስሙ ያው ኤኤችሲአይ የሆነ አንድ ድራይቨር ይበቃል። ትክክለኛው ሳይኖር ሲቀር ጄኔሪክ የሚባለው የወል ድራይቨር ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ጄኔሪኩ የቺፑን ጠባይ አያውቅም፤ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) ትቶለት በሄደው ሁኔታ ይቀጥላል። ባዮሱ ፒአይኦ ላይ ትቶት ከሆነ እዚያው ይቀራል። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፋይል ይከፈታል፣ የስህተት መልእክት የለም። ሰውን የሚያሳስተው ይህ ዝምታ ነው።

እዚህ ላይ የከርነሉን ዕድሜ ማወቅ ግድ ይላል። በቀድሞው፣ አይዲኢ በሚባለው የከርነሉ ክፍል፣ ዲስኩ ኤችዲኤ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ የወል ድራይቨሩም ቀድሞ ከተጫነ ዲስኩን ይዞ ለባለቤቱ ድራይቨር አይለቅም ነበር። በ2.6 ከርነል ዘመን ተጭነው እስካሁን የሚሠሩ ማሽኖች ላይ ይህ ያጋጥማል። በአዲሱ፣ ሊብኤታ በሚባለው ክፍል፣ ዲስኩ ኤስዲኤ ነው የሚባለው፤ የድሮው ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 5.14 ከርነል ጨርሶ ተወግዷል። የሊብኤታ ጄኔሪክ ድራይቨር ከጥቂት ቺፖች በስተቀር ካልታዘዘ የማያውቀውን ኮንትሮለር አይዝም። ችግሩ ማዘዙ ላይ ነው። ዲስኩ አልታይ ያለው ሰው ከኢንተርኔት ያገኘውን «ኦል ጄኔሪክ አይዲኢ እኩል ይሆናል 1» የሚል ቃል ማስነሻው መስመር (ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጠው ትእዛዝ) ላይ ይጨምራል፤ ዲስኩ ይታይለታል፤ ቃሉ ግን እዚያው ተረስቶ ለዓመታት ያንቀራፍፋል። የማስነሻውን መስመር ለማየት «ካት /ፕሮክ/ሲኤምዲላይን» በሉ። ይህን ቃል ካገኛችሁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አሁን ወደ ምርመራው። በመጀመሪያ ለኩ። «ሱዱ ኤችዲፓርም ሰረዝ ቲ ትልቅ ቲ /ዴቭ/ኤስዲኤ» የሚለው ትእዛዝ (ሰረዙና ሁለቱ ቲዎች ተያይዘው ይጻፋሉ፤ «ሱዱ» በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይሠራ ማለት ነው) ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ትልቁ ቲ ራም ላይ ካለው የሚነበበውን ነው የሚለካው፤ ስለ ዲስኩ የሚናገረው ነገር የለም፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ትልቅ ቁጥር አይቶ «ዲስኩ ፈጣን ነው» ይላል። የሚፈለገው ትንሹ ቲ የሚሰጠው ነው። ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ተዘግቶ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ለኩና መካከለኛውን ያዙ። አሮጌ የፓታ ዲስክ፣ 40 ወይም 80 ጊጋባይት የሚሉት፣ ከ30 እስከ 60 ሜጋባይት በሰከንድ ቢሰጥ ደህና ነው። የላፕቶፕ ባለ 5400 ዙር የሳታ ዲስክ ከ60 እስከ 110፣ የዴስክቶፕ ባለ 7200 ዙር ከ80 እስከ 180 ቢሰጥ እንደዚሁ። ከ10 በታች የሆነ ቁጥር ግን ምርመራ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ሲፒዩውን ተመልከቱ። አንድ ትልቅ ፋይል እየተገለበጠ «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡና ከላይ ሦስተኛውን መስመር አንብቡ። እዚያ ኤስዋይ እና ደብሊውኤ የሚሉ ሁለት ፊደል ፊደል ምልክቶች አሉ። ኤስዋይ ከርነሉ ራሱ ሲሠራ የጠፋው ጊዜ ነው፤ ደብሊውኤ ዲስክ ሲጠበቅ የባከነው። ፒአይኦ ላይ ያለ ማሽን ኤስዋይው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲፒዩው ብሎኬት እየተሸከመ ነዋ። ማውሱ የሚንገታገተውና ድምፁ የሚቆራረጠውም ለዚህ ነው። የታመመ ዲስክ ያለበት ማሽን በተቃራኒው ደብሊውኤው ይወጣል፤ ማውሱ ግን ብዙውን ጊዜ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ይህ አንድ ምልከታ ብቻውን ብዙ ዲስክ ያተርፋል።

ሦስተኛው «ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ» ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ቺፖች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ውስጥ «አይዲኢ ኢንተርፌስ» ወይም «ሳታ ኮንትሮለር» የሚለውን ፈልጉና ከሥሩ ያሉትን መስመሮች አንብቡ። «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚለው አሁን የሚያሠራውን ድራይቨር ይናገራል። ከዚያ በታች «ከርነል ሞጁልስ» የሚለው ለዚህ ቺፕ የሚሆኑ፣ ማሽኑ ላይ ያሉ ሞጁሎችን (ለየብቻ የሚጫኑ ድራይቨሮችን) ይጠራል። በመጀመሪያው መስመር ላይ ኤቲኤ ጄኔሪክ ተጽፎ በሁለተኛው ፓታ ቪያ ካለ፣ ትክክለኛው ድራይቨር ቤት ውስጥ እያለ እንግዳው ወንበሩን ይዟል ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ከጄኔሪኩ ሌላ ስም ከሌለ ድራይቨሩ ጭራሹን የለም። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ አንዳንድ ድራይቨሮች «ሊኑክስ ሞጁልስ ኤክስትራ» በሚባል የተለየ ጥቅል ውስጥ ናቸው፤ ለቨርቹዋል ማሽን የተዘጋጀው ከርነል ያለዚህ ጥቅል ስለሚመጣ፣ ያን ከርነል እውነተኛ ማሽን ላይ የጫነ ሰው ጥቅሉን መጨመር አለበት።

አራተኛው የከርነሉ ማስታወሻ ነው፤ «ሱዱ ዲሜሴጅ» (ሲጻፍ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ) ብላችሁ ኤቲኤ የሚሉትን መስመሮች አጣሩ። «ኮንፊገርድ ፎር ዩዲኤምኤ 100» ወይም 133 የሚል ካለ (ዩዲኤምኤ አልትራ ዲኤምኤ ማለት ነው) መንገዱ ፈጣኑ ነው። «ኮንፊገርድ ፎር ፒአይኦ» ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። «ሊሚትድ ቱ ዩዲኤምኤ 33 ዲው ቱ 40 ዋየር ኬብል» የሚል ከሆነ ድራይቨሩ ንጹሕ ነው፤ ገመዱ ነው ያነሰው። የፓታ ገመድ ባለ 40 እና ባለ 80 ሽቦ አለ፤ ሁለቱም ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚለዩት በሽቦው ቅጥነት ነው። ከ33 በላይ ለመሄድ ባለ 80ው ያስፈልጋል። ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩ አንደኛው ዲስክ ላይ፣ መካከሉ ላይ ያለው ግራጫ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ይሰካል። ርዝመቱም ከ46 ሴንቲሜትር አይበልጥም።

አንድ የሚያደናግር ነገር እዚህ ላይ እናንሳ። የድሮ መመሪያዎች «ኤችዲፓርም ሰረዝ ዲ 1» በሉና ዲኤምኤውን አብሩ ይላሉ። ኤችዲኤ በሚባለው ዲስክ ላይ ይህን ስትሉ «ኤችዲአይኦ ሴት ዲኤምኤ ፌይልድ፣ ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ከተባላችሁ የፈቃድ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁም ያው ነው። የቺፑ ድራይቨር ስለሌለ ከርነሉ ዲኤምኤውን ማብራት አይችልም ማለት ነው። ኤስዲኤ በሚባለው ላይ ደግሞ ሰረዝ ዲ ብቻ ስትሉ «ኢንአፕሮፕሪየት» የሚል ቃል ያለበት መልስ ይመጣል። እሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሊብኤታ ይህን ጥያቄ ስለማይቀበል ብቻ ነው። በዚህ ደንግጦ ደህናውን ሲስተም ፎርማት ያደረገ ብዙ ነው።

ወደ መፍትሔው እንለፍ። «ሱዱ ሞድፕሮብ ፓታ ቪያ» ብሎ ትክክለኛውን ድራይቨር መጥራት ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ኮንትሮለሩን ቀድሞ የያዘው ድራይቨር አይለቅም፤ ሲስተሙ ራሱ ያለበት ዲስክ ስለሆነም እየሠራ ሊላቀቅ አይችልም። ትክክለኛው ድራይቨር ከመጀመሪያው፣ ማሽኑ ሲነሳ፣ ቀድሞ መገኘት አለበት። ለዚህ ቦታው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ትንሽ ጥቅል ነው፤ ከርነሉ ዋናውን ዲስክ ከመክፈቱ በፊት የሚጠቀምባቸውን ሞጁሎች ይይዛል። በደቢያንና በኡቡንቱ «/ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ሞጁልስ» የሚለውን ፋይል ክፈቱና የድራይቨሩን ስም በአንድ መስመር ጻፉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ የቺፑ ድራይቨር ከላይ፣ ጄኔሪኩ ካስፈለገ ከታች። የማስነሻው መስመር ላይ «ኦል ጄኔሪክ አይዲኢ» ካለ «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ» ውስጥ አውጡትና «ሱዱ አፕዴት-ግራብ» በሉ። ከዚያ «ሱዱ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ሰረዝ ዩ» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። በፌዶራ «ሱዱ ድራኩት ሰረዝ ኤፍ» ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማስነሻ ያለው ፍላሽ አዘጋጁ፤ የድሮውን ከርነልም ከግራብ (የማስነሻው ፕሮግራም) ዝርዝር ላይ አታጥፉ። ጄኔሪኩን ብላክሊስት አድርጎ (እንዳይጫን ከልክሎ) ትክክለኛው መኖሩን ሳያረጋግጥ ሪስታርት ያደረገ ሰው የሚጠብቀው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ጥቁር ስክሪን ነው። ጄኔሪኩ ከርነሉ ውስጥ ተዋህዶ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ብላክሊስት ማድረጉ ዋጋ የለውም፤ ይህን ለማወቅ ቡት ውስጥ ያለውን የኮንፊግ ፋይል ክፈቱ፤ ኤም ሞጁል፣ ዋይ የተዋሀደ ነው።

ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ብዙ ማሽን የሚያዘጋጁ ሰዎችን በተለይ የምንለምናቸው ነገር አለ። አንዱን ማሽን አሳምሮ ጭኖ ዲስኩን በክሎን ወደ ሌሎቹ ማባዛት ሥራ ያቀላል። ነገር ግን ማሽኖቹ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡ ከሆኑ የአንዱ ኮንትሮለር ኢንቴል፣ የሌላው ቪያ ሊሆን ይችላል። በደቢያን «ኢኒትራምኤፍኤስ ነጥብ ኮንፍ» የሚባለው ፋይል ውስጥ «ሞጁልስ እኩል ይሆናል ዴፕ» («ሞጁልስ» እዚህ ላይ በትልልቅ ፊደላት ነው) ከተባለ ጥቅሉ የሚይዘው የመጀመሪያው ማሽን የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ክሎኑ ሌላ ማሽን ላይ ሲገባ ወይ አይነሳም፣ ወይ ደግሞ የወል ድራይቨር አግኝቶ እየተጎተተ ይነሳል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ማንም ሳያስተውለው ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ስታክ በሚያደርግ ማሽን ይማርበታልና። ከማባዛታችሁ በፊት «ዴፕ»ን ወደ «ሞስት» ቀይሩና ጥቅሉን አድሱት፤ ፋይሉ ትንሽ ከመወፈሩ በቀር ጉዳት የለውም። ከተባዛ በኋላም በእያንዳንዱ ዓይነት ማዘርቦርድ አንድ አንድ ማሽን አስነሥታችሁ ለኩ።

ባዮሱንም ማየት ይገባል። ብዙ ማዘርቦርድ ላይ «ሳታ ሞድ» የሚል ምርጫ አለ፤ አይዲኢ ወይም ሌጋሲ የሚለው ለድሮ ሲስተም የተተወ ነው፣ ኤኤችሲአይ የሚለው ትክክለኛው ነው። ኤኤችሲአይ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ዲስኩ በሚመቸው ቅደም ተከተል እንዲያነብ ያደርጋል። አንድ ፋይል ብቻ በተከታታይ ሲነበብ ልዩነቱ አይታይም፤ ስለዚህ ኤችዲፓርም ላይ አትፈልጉት። ብዙ ፕሮግራም ተከፍቶ ሲሠራ ግን ይታያል። ሊኑክስ የኤኤችሲአይ ድራይቨር ኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ለውጡን በቀላሉ ይቀበላል። ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ 10 አብሮ ካለ ግን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ፤ 0ኤክስ7ቢ የሚል ቁጥር ያለበት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። መጀመሪያ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዝዙት፣ ከዚያ ባዮሱን ቀይሩ፣ በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ይነሳ፣ ከዚያ ሴፍ ሞዱን አንሱለት።

ዊንዶውስም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለም። በአሮጌዎቹ፣ እንደ ኤክስፒ ባሉት፣ የአይዲኢ ድራይቨሩ በድምሩ 6 የመዘግየት (ታይም አውት) ወይም የመስመር (ሲአርሲ) ስህተት ሲቆጥር ፍጥነቱን ማውረድ ይጀምራል፤ ስህተቱ ከቀጠለ ደረጃ በደረጃ እያወረደ መጨረሻ ላይ ፒአይኦ ላይ ይጥለዋል። ስህተቱ ካለፈ በኋላም ራሱ ወደ ላይ አይመልሰውም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ፕራይመሪ አይዲኢ ቻነል የሚለውን ከፍታችሁ «ከረንት ትራንስፈር ሞድ» ላይ ፒአይኦ ካያችሁ ቻነሉን አንኢንስቶል አድርጋችሁ ሪስታርት ማድረግ ነው። ስህተቱ የመጣው ከገመዱ ከሆነ ግን ገመዱን ሳትቀይሩ ተመልሶ ይመጣል።

የውጭ ሃርድ ዲስክም በዚሁ መልክ ይታመማል፣ እንዲያውም ለመለየት ይቀላል። ፊልም ስትገለብጡ በሰከንድ 1 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ከቆመ፣ ዲስኩ በ12 ሜጋቢት የድሮ ዩኤስቢ 1.1 መንገድ እየሄደ ነው። ዩኤስቢ 2 ኢኤችሲአይ፣ ዩኤስቢ 3 ኤክስኤችሲአይ የሚባል ድራይቨር ይፈልጋል። «ኤልኤስዩኤስቢ ሰረዝ ቲ» ብትሉ ዛፍ መሰል ዝርዝር ይመጣል፤ በየመስመሩ መጨረሻ 12፣ 480 ወይም 5000 የሚል ቁጥር አለ። ዲስካችሁ ያለበት መስመር 12 ካለ ወይ ድራይቨሩ የለም፣ ወይ ገመዱ ወይም ሶኬቱ ላልቷል። ሌላ ሶኬትና ሌላ ገመድ ሞክሩ። በሁሉም 12 ካለ ድራይቨሩን ፈልጉ።

በእርግጥ የሚሞት ዲስክም አለ፤ እሱን ድራይቨር አያድነውም። «ሱዱ ስማርትሲቲኤል ሰረዝ ኤ /ዴቭ/ኤስዲኤ» በሉና ዲስኩ ላይ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩትን፣ በቁጥር 5፣ 197 እና 198 የተመዘገቡትን መስመሮች መጨረሻ እዩ። 197 ላይ ከዜሮ በላይ ካለ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ፤ ምንም ሌላ ሙከራ ሳታደርጉ ቀድማችሁ ዳታውን አውጡ። 199 ግን ሌላ ነው፤ እሱ በገመዱ ላይ የተበላሸውን የሚቆጥር ነው፣ አይቀንስምም። ዛሬ ጻፉት፣ ገመዱን ቀይራችሁ ከሳምንት በኋላ እዩት፤ ካልጨመረ ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ዲሜሴጅ ላይም «ዩኤንሲ» የሚለው የዲስክ፣ «አይሲአርሲ» የሚለው የመስመር በሽታ ነው።

ጠጋኞች አንድ ነገር ብታደርጉ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ያመሰግናችኋል። ማሽኑን ጭናችሁ ስትጨርሱ የኮንትሮለሩን ድራይቨር ስም፣ በትንሹ ቲ የተለካውን ቁጥር፣ የ199ን ቆጠራና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከኬሱ ክዳን ውስጥ በኩል ለጥፉት። ለምሳሌ «ፓታ ቪያ፣ 47 ሜጋባይት በሰከንድ፣ 199 ላይ 3»። ከዓመት በኋላ ማሽኑ ተንቀራፈፈ ተብሎ ሲመጣ ክዳኑን የከፈተው ሰው እንደገና ለክቶ 46 ካገኘ ዲስኩን አይነካም፤ 4 ካገኘ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ